መኪናችሁ ስንት ያወጣል? ወረቀቱስ ስንት ይላል?

(ለገሃር አካባቢ በአንድ አዳራሽ ለአሽከርካሪዎች የተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ኑ፤ እዚህ ጋ ሦስት ወንበር ባዶ ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅና እንጀምር። በመኪና የመጣችሁ እጃችሁን አውጡ። እሺ። አሁን ደግሞ የመድን ውላችሁን ከዳር እስከ ዳር ያላነበባችሁ አውርዱ። ሁለት ሰው ቀረ። አንዷ ጠበቃ ነኝ እያለች ነው፤ እሷን አልቆጥርም።

አይዟችሁ፤ እኔም አላነበብኩም ነበር። ያውም እንጀራዬ እሱ ሆኖ። ከሃያ ዓመት በላይ የሠራሁት በመድን ኩባንያ የካሳ ክፍል ውስጥ ነው። ሥራዬ የተጋጨ መኪና ማየት፣ የትራፊክ ፖሊስ የሚያነሳውን የአደጋ ንድፍ (ፕላን የምንለውን) ማገላበጥ፣ ከጋራዥ ጋር በዋጋ መጨቃጨቅ ነበር። ደንበኛ ፊቴ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ሲሰድበኝም ሰምቻለሁ። ታዲያ አንድ ቀን እኔው ራሴ ከጠረጴዛው ማዶ ቁጭ አልኩ።

አንዲት ቪትዝ አለችኝ። ካዛንቺስ ላይ፣ ዝናብ ካባራ በኋላ፣ ፊት ለፊቴ ያለ አይሱዙ ቆመ። እኔ አልቆምኩም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ አልከራከርም። ኮፈኑ ታጠፈ፣ ሁለቱም የፊት መብራት ሄደ፣ ራዲያተሩ ተቀደደ። ጋራዡ 180 ሺህ ብር ጠየቀ። እኔ ግን ተረጋግቻለሁ። ሙሉ መድን አለኛ!

የስሌቱን ወረቀት ያመጣልኝ እኔ ያሰለጠንኩት ልጅ ነው። አፍሮ አንገቱን ደፍቷል። መኪናዋ በውሉ ላይ የተገመተችው በ600 ሺህ ብር ነው። በአደጋው ቀን ገበያ ላይ የምታወጣው 1 ሚሊዮን 200 ሺህ ነው። 600 የ1,200 ግማሽ ነው። ስለዚህ ኩባንያው የሚከፍለው የጥገናውን ግማሽ፣ 90 ሺህ ብር ነው። ከዚያ ላይ በውሉ መሠረት በራሴ የምሸፍነው 5 ሺህ ይቀነሳል። 85 ሺህ ብር። የቀረው 95 ሺህ ከኪሴ።

ሦስት ዓመት ሙሉ በስልክ ነበር የማሳድሰው። «እንደነበረው አድሱልኝ።» በቃ። ይቺ ሁለት ቃል ናት ጉድ የሠራችኝ።

ይህንን ነገር በሙያው አቬሬጅ እንለዋለን። ከዝቅተኛ ግምት የሚመጣ ተመጣጣኝ ክፍያ ማለት ነው። ደንበኛ ስንት ጊዜ ጮኾብኛል መሰላችሁ! «የተገመተው 600 ሺህ ነው፣ የተጎዳው 180 ሺህ ነው፣ ከግምቱ አላለፈ፣ ለምን ሙሉውን አትከፍሉም?» ጥያቄው ተገቢ ይመስላል። ግን በእድር አስቡት። አንድ ሰው የወር መዋጮውን ግማሽ እየከፈለ ቢቆይና ሐዘን ሲደርስበት ሙሉ ድንኳን፣ ሙሉ ወንበር፣ ሙሉ ብር ይምጣልኝ ቢል የእድሩ ዳኛ ምን ይለዋል? አረቦን፣ ማለትም የመድን መዋጯችሁን፣ የከፈላችሁት ለመኪናው ግማሽ ነው። ለቀረው ግማሽ ራሳችሁ መድን ሰጪ ሆናችሁ ማለት ነው።

ለምን በዚህ ላይ እንደምቆይ ታውቃላችሁ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዚያው ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። መርካቶ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ የመብራት ዋጋ የጠየቃችሁ ታውቁታላችሁ። መኪናው ያው ነው፤ አንድ ዓመት አርጅቷል እንጂ አልታደሰም። ዋጋው ግን ሌላ ሆነ። የውሉ ወረቀት ይህንን አያውቅም። እናንተ ካልነገራችሁት ማንም አይነግረውም።

መፍትሔው ቀላል ነው። ውሉ እስኪያልቅ መጠበቅ የለባችሁም። መኪና የሚያሻሽጡ ሁለት ሦስት ደላሎች ጠይቁ። የእናንተን ዓይነት፣ የእናንተን ዓመተ ምሕረት፣ የእናንተን ሁኔታ። አማካዩን ይዛችሁ መድን ሰጪያችሁ ጋ ሂዱና ግምቱን አስተካክሉልኝ በሉ። ለቀሩት ወራት ብቻ ልዩነቱን ትከፍላላችሁ፤ በውሉ ላይ ማሻሻያ ይያያዝላችኋል። ማሻሻያውን በእጃችሁ ሳትይዙ አትውጡ። «ሲስተም ላይ ገብቷል» የሚባል ነገር አለ፤ ጥሩ ነው፣ ግን ወረቀቱም ይኑራችሁ።

በነገራችን ላይ ከገበያው በላይ ማስገመትም ሞኝነት ነው። አንድ ሰውዬ «ከተቃጠለች አዲስ እገዛለሁ» ብሎ እጥፍ አስገምቶ ነበር። መድን የጠፋባችሁን ይመልሳል እንጂ አያተርፋችሁም። መኪናው ሙሉ በሙሉ ቢወድም የሚከፈለው በዚያን ቀን ያለው የገበያ ዋጋ ነው። በትርፉ ላይ የከፈለው አረቦን ቀለጠ።

አሁን ወደ ሦስተኛ ወገን ልሂድ። ይህን ሁላችሁም አላችሁ፤ ያለ እሱ ቦሎ አይወጣም። ችግሩም እሱ ነው። ብዙ ሰው የሦስተኛ ወገን መድን የሚገዛው ለቦሎ ነው። መስታወት ላይ ይለጥፈዋል፣ ይረሳዋል። ትራፊክ ሲያስቆመው ብቻ ያስታውሰዋል።

በአገራችን ይህ መድን ግዴታ የሆነው በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ነው። በኋላ በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ተተካ። ሐሳቡ ግልጽ ነው። መኪናችሁ ሌላ ሰው ላይ ለሚያደርሰው ሞት፣ የአካል ጉዳትና የንብረት ጉዳት ነው የሚከፍለው። የራሳችሁን መኪና አይመለከትም። መሪውን የያዘውንም ሰው አይመለከትም። «ሦስተኛ ወገን አለኝ፣ መኪናዬን አሠሩልኝ» ብሎ የመጣ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ያውም ተምሯል የሚባል ሰው።

ክፍያው ደግሞ ጣሪያ አለው። የ2005ቱ አዋጅ ሲወጣ ለሞት ከፍተኛው 40 ሺህ ብር ነበር። ለንብረት 100 ሺህ። ይህ ቁጥር የሚሻሻል ነገር ስለሆነ የዘንድሮውን ከውላችሁ ላይ ፈልጉ። እኔ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ሌላ ነገር ነው። ጣሪያው የመድን ሰጪው ጣሪያ ነው። የእናንተ አይደለም።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ አንቀጽ 2081፣ የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ጥፋት ባይኖርበትም። የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆንም እንኳ። ባለቤቱ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካላስረዳ በቀር። ፍርድ ቤት ለአንድ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ሞት ወይም እግሩን ላጣ ሠራተኛ የሚወስነው ካሳ ከጣሪያው ሲያልፍ፣ መድኑ ድርሻውን ከፍሎ ይወጣል። ትርፉ የባለቤቱ ዕዳ ነው። ቤቱን የሸጠ ሰው አውቃለሁ። ስለዚህ ሙሉ መድን ስትገዙ ለሦስተኛ ወገን የተጨማሪ ኃላፊነት ሽፋን አለው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከሚሰጠው ጥበቃ አንፃር ተጨማሪው አረቦን ብዙ አይደለም። የወርቅ ቀለም ሪም ከመግዛት ይሻላል።

ሁለት ነገር ደግሞ በቶሎ። በመኪና የተጎዳ ሰው የትኛውም ጤና ተቋም ሲደርስ ድንገተኛ ሕክምና ሊከለከል አይገባም፤ አዋጁ ለዚህ የተለየ ክፍያ መድቧል። ገጭቶ ባመለጠ ወይም መድን በሌለው መኪና የተጎዳ ሰውም ሜዳ ላይ አይቀርም። ለዚህ የተቋቋመ የመድን ፈንድ አለ። ይህን ለጎረቤት ንገሩ። መብቱን ሳያውቅ የሚቀር ሰው ብዙ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ እንውጣ።

ሜክሲኮ አደባባይ፣ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል። ሁለት መኪና ተጋጨ። ምን ይሆናል? መጀመሪያ ሁለቱም ይወርዳሉ። ይጯጯሃሉ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ይመጣሉ። «ልጆቼ፣ ሰው አልተጎዳ፣ እግዚአብሔር ይመስገን በሉ፣ ተስማሙ።» እጅ ይጨባበጣሉ። አንዱ በወረቀት «ጥፋቱ የኔ ነው፣ አሠራለሁ» ብሎ ይፈርማል።

እኔ እርቅ እወዳለሁ። እርቅ ባይኖር ይህች ከተማ አንድ ቀን አታድርም። ግን መድን ካላችሁ፣ ያቺ ወረቀት ልታስከፍላችሁ ትችላለች። በብዙ ውሎች ላይ ያለ መድን ሰጪው ፈቃድ ጥፋት ማመን፣ ለመክፈል ቃል መግባት፣ መክፈልም ክልክል ነው። በተቃራኒውም እንዲሁ። የገጫችሁ ሰው 20 ሺህ ብር ሰጥቷችሁ «ሁለተኛ አልጠይቅም» ብላችሁ ከፈረማችሁ፣ ጋራዥ ሄዳችሁ 90 ሺህ ሲባል ወደ መድናችሁ ብትመለሱ አይሰማችሁም። ምክንያቱም መድናችሁ ከፍሎ ከዚያ ሰው የመጠየቅ መብት ነበረው። እናንተ ሸጣችሁበት።

ስለዚህ ሽማግሌውን አመስግኑ። ይቅርታም በሉ፤ ጨዋነት አያስከፍልም። ግን አትፈርሙ። ስልካችሁን አውጡና ፎቶ አንሱ። የተጎዳውን ቦታ ብቻ አይደለም። ራቅ ብላችሁ፣ የመንገዱ መስመር፣ የትራፊክ መብራቱ፣ የሁለቱም ታርጋ፣ የፍሬን ምልክት አስፋልቱ ላይ ካለ እሱም፣ አንድ ላይ እንዲታዩ። የሌላውን መንጃ ፈቃድና የመስታወቱን ስቲከር አንሱ። ያየ ሰው ካለ ስልክ ቁጥሩን ተቀበሉ። ምስክር ለአሥር ደቂቃ ነው የሚቆየው፤ ታክሲ ሲመጣ ይሄዳል። ከዚያ ትራፊክ ይጠራ፤ ፕላን ይነሳ። በዚያው ቀን ለመድናችሁ ደውሉ።

ማስረጃ ለምን አስፈለገ? ያው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2084 ሁለት መኪና ሲጋጭ ሁለቱም እኩል እንዳጠፉ ይገምታል። የጉዳቱን ግማሽ ግማሽ ይካፈላሉ። አይ፣ ጥፋቱ የሱ ብቻ ነው የሚል ማስረዳት አለበት። ፎቶ የሌለው ሰው በእውነቱ ላይ ግማሽ ዋጋ ይከፍላል።

ሰው ከተጎዳ ግን ፎቶውን እርሱት። ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ እሳትና ድንገተኛ አደጋ 939፣ ፖሊስ 991። አሁኑኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡ፤ እጠብቃለሁ። የኛ ሰው ደግ ነው። የተጎዳ ሲያይ አራት ሆኖ በእጅና በእግር አንጠልጥሎ የመጀመሪያው ታክሲ ውስጥ ይከተዋል። አንገቱ ወይም አከርካሪው የተጎዳ ሰው በዚያ አያያዝ ዕድሜ ልኩን ሽባ ሊሆን ይችላል። እሳት ወይም ሌላ አደጋ ካላሰጋ ባለበት ይቆይ። ደሙን በጨርቅ ተጭናችሁ ያዙ፣ አነጋግሩት፣ ፍሬቻችሁን አብሩና መንገዱን ዝጉለት።

እንግዲህ ሃያ ዓመት ፋይል ሳነብ አንድ ነገር አስተዋልኩ። ፋይሎቹ ይመሳሰላሉ። አዲስ አበባ አሥር ዓይነት አደጋ ነው ያላት ብል አላጋነንኩም። ሁሉንም አላወራም። ዕንቅልፍ የነሱኝን ልንገራችሁ።

አንደኛው የዜብራ ነው። በዚህች ከተማ መንገድ ላይ ከሚሞተው ሰው ብዙው እግረኛ ነው። ፋይሉ ሁሌ አንድ ነው። ባለ ሁለት ረድፍ መንገድ። የቀኙ መኪና ለእናትየዋ ቆመላት። ጨዋ ሹፌር ነው። እሷም አመስግና ተሻገረች። የግራው ሹፌር ግን የሚያየው የቆመ መኪና ነው። «ምን ሆኖ ቆመ ይሄ» ብሎ ያልፈዋል። ከዚያ... ገባችሁ። ከዜብራ በፊት የቆመ መኪና ካያችሁ፣ የቆመበት ምክንያት አለው። ምክንያቱ እስኪታያችሁ ቁሙ።

የዚህ የአጎት ልጅ ሚኒባሱ ነው። ሚኒባስ ቆመ፣ ወያላው «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ይላል፣ ከፊቱ አንድ ተማሪ ብቅ ይላል። እኔ አንድ የድሮ ሹፌር ያስተማረኝን ልንገራችሁ። ከቆመ ሚኒባስ ጎን ስታልፉ መስኮቱን አትዩ። ከሥሩ እዩ። በጎማዎቹ መካከል እግር ይታያል። ልጁ ከመውጣቱ በፊት ጫማው ይታያል።

ፍጥነትን በቁጥር ላስረዳ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይሄዳል። ሰው አደጋ አይቶ እግሩ ፍሬን ላይ እስኪያርፍ አንድ ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል። ፍሬኑ ገና ሳይነካ 25 ሜትር አለፋችሁ ማለት ነው። በደረቅ አስፋልት፣ በጥሩ ጎማ፣ ጠቅላላው 45 ሜትር አካባቢ ነው። በ30 ስትሄዱ ከ20 ሜትር በታች ይበቃችኋል። ስልክ ደግሞ አለ። በ40 እየሄዳችሁ አምስት ሰከንድ መልእክት ብታነቡ 55 ሜትር ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ነዳችሁ። የእግር ኳስ ሜዳ ግማሽ። የዓለም ጤና ድርጅት እየነዳ ስልክ የሚጠቀም ሰው ለአደጋ ያለው ተጋላጭነት አራት እጥፍ ያህል ነው ይላል። ስብሰባው መሐል ስልኩን የሚያየው ወንድሜ፣ አንተን አይደለም፤ አንተ ተቀምጠሃል።

ሁለተኛው የቸርችል ቁልቁለት ነው። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር። ነዳጅ ከተወደደ ወዲህ ብዙ ሰው ማርሹን ነጻ አውጥቶ በኒውትራል ይወርዳል። ቁጠባ መስሎት። በኒውትራል የሚወርድ መኪና የሚይዘው ፍሬን ብቻ ነው። ፍሬን ደግሞ ይግላል። ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይቀንሳል። ከላይ እስከ ታች ፍሬን ረግጦ የወረደ ሰው ብሔራዊ ቴአትር ጋ ሲደርስ እግሩ እንደ ስፖንጅ ይገባል። ከዚያ በፋይሉ ላይ «ፍሬን በጠሰ» ተብሎ ይጻፋል። ፍሬኑ አልበጠሰም፤ ተቃጥሏል። በማርሽ ውረዱ። አውቶማቲክ ከሆነም ዝቅ የሚልበት ምልክት አለው፤ ፈልጉት። ዘመናዊ መኪና በማርሽ ላይ ሆኖ ነዳጁን ሳትረግጡ ስትወርዱ ሞተሩ ራሱ የነዳጁን መርጫ ይዘጋል። በኒውትራል ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ ይጠጣል። ቁጠባውም ውሸት ነው።

ሦስተኛው የመጀመሪያ ዝናብ። በበጋ አስፋልቱ ላይ ዘይትና አቧራ ይጠራቀማል። የመጀመሪያው ካፊያ ሲመጣ ያ ሁሉ ይለወስና ሳሙና ይሆናል። ብዙ ዝናብ ሲዘንብ ይታጠባል። አደገኛው ግማሽ ሰዓቷ የመጀመሪያዋ ናት። እኔም ካዛንቺስ ላይ የተዋረድኩት በሷ ነው። ጎማችሁን እዩ። ጎኑ ላይ አራት አኃዝ አለ። 2319 ካለ በፈረንጆች 2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ያላለቀ አሮጌ ጎማም ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። «አዲስ ነው» ብሎ የሚሸጥላችሁን ሰው ቁጥሩን አሳየኝ በሉት። ክረምት ላይ ውሃ የሞላው መንገድ ካያችሁ ደግሞ አትግቡ። ሞተር ውሃ ከሳበ ይሰበራል። መድን ሰጪውም «አይተህ ነው የገባኸው» ብሎ ሊከራከር ይችላል።

ቀበቶ ላይ ብዙ አልናገርም። የፊት መቀመጫ ላይ ያለ ሰው የመሞት ዕድሉን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። በጀርባ አዙሮ የሚቆልፈው፣ ጩኸቱ ዝም እንዲል ብሎ፣ ምን እንደምለው አላውቅም። ሕፃን አቅፎ ፊት መቀመጥ ግን በዝምታ አላልፈውም። «እኔ ይዤዋለሁ» ትላለች እናት። በግጭት ሰዓት ማንም ክንድ አይይዝም። ልጁ በእሷና በዳሽቦርዱ መሐል ትራስ ይሆናል። ልጅ ከኋላ፣ በራሱ መቀመጫ።

ጥያቄ ልቀበል። እሺ፣ ጋቢ የለበሱት አባቴ።

«ስፖኪዮ ተሰርቆብኛል፣ መድኑ ይከፍላል ወይ?» በብዙ ውሎች መኪናው አብሮ ካልተሰረቀ ዕቃ ብቻውን ሲጠፋ አይሸፈንም። ተጨማሪ ከፍለው ሊያስገቡት ይችላሉ። ግን ሌላም ሂሳብ አለ። ዓመቱን ያለ ካሳ ጥያቄ ከጨረሱ በሚቀጥለው አረቦን ላይ ቅናሽ ያገኛሉ። አረቦንዎ 40 ሺህ ቢሆንና ቅናሹ 20 በመቶ ቢሆን 8 ሺህ ብር ነው። ለ6 ሺህ ብር ስፖኪዮ 8 ሺህ አያጡ። ሌላውን ስፖኪዮ ደግሞ ታርጋ ቁጥርዎን ያስቀርጹበት፤ ሌባው የሚሸጠው ያንሳል።

እሺ፣ አንተ። «የቤት መኪናዬን ማታ ማታ ራይድ እሠራበታለሁ።» ለመድንህ ነግረሃል? አልነገርክም። ውሉ ላይ «ለግል አገልግሎት» ይላል። ሰው ጭነህ ስትጋጭ ካሳህ ሊከለከል ይችላል። ልጅ እያለህ፣ ዕዳ እያለብህ ነው የምትሠራው፤ ይገባኛል። ነገ ሄደህ አሳውቅ። አረቦኑ ይጨምራል። ጨምሮ የሚከፍል መድን ግን መድን ነው። መንጃ ፈቃድ ለሌለው ወይም ደረጃው ለማይፈቅድለት ወንድም ቁልፍ መስጠትም እንደዚሁ ነው። መድን ሰጪው ለተጎጂው ከፍሎ ገንዘቡን ከናንተ ሊጠይቅ ይችላል።

«ወደ ክፍለ ሀገር ለሚወጣስ?» ጥሩ ጥያቄ። ሙሉ መድን ሁሉንም የሚሸፍን ይመስላል፤ ስሙ ያታልላል። በሽፍታና በታጣቂ ለሚደርስ ጉዳት ለብቻው የሚገዛ ተጨማሪ ሽፋን አለ፤ በኛ ቤት ቢኤስጂ ይባላል። ሞያሌን ተሻግራችሁ ኬንያ የምትገቡ ደግሞ የኮሜሳ ቢጫ ካርድ ያስፈልጋችኋል።

ኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ፣ ባትሪው በግምቱ ውስጥ መካተቱን በጽሑፍ አረጋግጡ። የመኪናው ዋጋ ትልቁ ድርሻ እሱ ነው፣ ያለውም ከሆዱ ሥር ነው። ድንጋይ ላይ ከተቀመጠች ሳታዩት ሊጎዳ ይችላል። ስትበላሽ በገመድ አታስጎትቱ፤ ተጭና ትሂድ።

የመጨረሻ ጥያቄ። እህቴ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርጊ።

«ኮሮላዬን ባለፈው ዓመት በውክልና ሸጫለሁ። ስሙ እስካሁን በኔ ነው። ችግር አለው?»

አለው። ሊብሬው ላይ ያለው ስም ያንቺ ነው። ቅድም ያልኩሽን አንቀጽ 2081 አስታውሺ። ያ መኪና ዛሬ ማታ ልደታ ላይ ሰው ቢገጭ መጥሪያው የሚመጣው ወዳንቺ ቤት ነው። ውክልናውን ይዘሽ ትከራከሪያለሽ፤ ግን ፍርድ ቤት ስትመላለሺ ነው የምትከርሚው። ገዢውም ቢሆን አልዳነም። ባንቺ ስም ባለው ውል ካሳ ሊጠይቅ ሲሄድ «አንተ ማን ነህ?» ይባላል። እንደዚህ ዓይነት ፋይል ስንት ዓመት መደርደሪያ ላይ እንደሚያድር አይቻለሁ።

የገዢው ስልክ አለሽ? አለሽ። ዛሬ ደውይለት። ስም ማዛወሪያውን አብራችሁ ሂዱ፤ ወጪ ነው የሚያስቸግረው ካለ ግማሹን ቻይለት። እምቢ ካለ ውክልናውን የሰጠሽበት ጽሕፈት ቤት ሄደሽ እንዴት እንደሚሻር ጠይቂ፣ ሽያጭ ውሉንም ይዘሽ ሂጂ። የሽያጭ ውሉ የት ነው ያለው?

«እናቴ ቤት ሳጥን ውስጥ።»

በይ ከዚህ ስትወጪ እናትሽ ጋ እለፊ።